በጫጫታ መሀል የሚደውልን ሰው የሚሰማ የስልክ መስመር እንዴት ይሠራል?

"እንኳን ደህና መጡ። ለአማርኛ አንድን ይጫኑ" የሚለውን ድምፅ ሁላችንም ለምደነዋል። አሁን አሁን ደግሞ ቁልፍ ከማስጫን አልፎ "የሚፈልጉትን ይናገሩ" የሚል መስመር እየመጣ ነው። ቢሮ ውስጥ ሲሞከር ቆንጆ ይሠራል። ደዋዩ ግን ቢሮ ውስጥ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ነው፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ነው፣ ዝናብ በሚደበድበው ቆርቆሮ ሥር ነው። ሁለቴ ሦስቴ "ይቅርታ፣ አልሰማሁዎትም" ከተባለ ስልኩን ይዘጋል። ለዚያውም ይደውል የነበረው ጉዳይ ስላለው ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነት መስመር ለሚሠሩና ለሚያስተዳድሩ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቀላል መስመር እንያዝ። ደንበኛው የሒሳብ ቁጥሩን በቃሉ ይናገራል፣ ሲስተሙ ቁጥሩን ደግሞ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ቀሪ ሒሳቡን ይነግረዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጫጫታ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የድምፅ ማጣሪያ ሶፍትዌር ነው። እኔ ማጣሪያውን አምስተኛ ደረጃ ላይ ያስቀመጥኩት አስቤበት ነው። ከሱ በፊት ያሉትን በደንብ ከሠራችሁ ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ደረጃ 1፦ የከሸፉ ጥሪዎችን በጆሯችሁ ስሙ

ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ጥሪ ስሙ። ሎጉ ላይ "መልስ የለም" ወይም "አልታወቀም" ተብለው የተመዘገቡትን ለዩና መቶ ያህል አውጡ። የደዋዩ ድምፅና የሲስተሙ ድምፅ በተለያየ ፋይል ይቀዳ። ሁለቱ ከተደባለቁ ጫጫታው ከየት እንደመጣ መለየት ይከብዳል። አስተሪስክ (በነፃ የሚገኝ የስልክ ሲስተም ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ ሚክስሞኒተር የሚባለው ትእዛዝ ሁለቱን ለየብቻ የማስቀመጥ አማራጭ አለው። ፋይሉን ወደ ኤምፒ3 አትጭመቁት፤ በዋቭ ይቀመጥ።

ጥሪው እንደሚቀዳ ለደዋዩ መናገር አትርሱ። የሰው የግል መረጃ እንዴት መያዝ እንዳለበት በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ስትሰሙ እያንዳንዱን ጥሪ በዓይነቱ መድቡ። ዓይነቱ መፍትሔውን ይወስናል። የጄኔሬተር፣ የወፍጮ፣ የመኪና ሞተርና የዝናብ ድምፅ ወጥ ነው። ያስቸግራል እንጂ መላ አለው። ክላክስ፣ የበር መዘጋት፣ ሳል፣ የሕፃን ልቅሶ ድንገት ይመጣሉ፤ ጉዳታቸውም ሲስተሙን ቀስቅሰው ማቋረጣቸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሌላ ሰው ንግግር ነው። ደዋዩ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሒሳብ ቁጥሩን እየተናገረ ነው እንበል። "ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት..." ሲል ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ "ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ!" ይላል። ሲስተሙ ዜሮ፣ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት ብሎ ይመዘግባል። በሲስተሙ በኩል ስህተት የለም፤ የሰማው ጥርት ያለ አማርኛ ነው። የታክሲ ረዳት፣ ቴሌቪዥን፣ ጎን ለጎን የሚያወራ ሰው፣ ከድምፅ ማጉያ የሚመጣ ስብከትም ሆነ ሰላት ሁሉም እዚህ ይመደባሉ።

ሁለት ዓይነት ይቀራል። አንዱ የሲስተሙ የራሱ ድምፅ በደዋዩ ስልክ በኩል ተመልሶ መምጣቱ ነው። ሌላው ጫጫታ የሚመስል ግን ያልሆነ ነው፤ በኔትወርክ ምክንያት የድምፅ መቆራረጥ ወይም እንደ ሮቦት መንቀጥቀጥ። ይህንን ለብቻው ያዙት። ማጣሪያም ሆነ ሴቲንግ የጠፋ ድምፅ አይመልስም።

ከዚያ ትንሽ ልኬት ጨምሩበት። ደዋዩ ከመናገሩ በፊት ያለውን ግማሽ ሰከንድ ድምፅ ለኩ፣ የሚናገርበትንም ለኩ፣ ልዩነቱን በዲሲቤል አስሉ። ልዩነቱ 20 ዲሲቤል ከሆነ የንግግሩ ሞገድ ከጫጫታው ዐሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ምቹ ነው። ወደ 10 ሲወርድ ስህተት መብዛት ይጀምራል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ንግግሩና ጫጫታው እኩል ናቸው። ያን ደዋይ ወደ ቁልፍ መውሰድ ነው የሚሻለው።

ደረጃ 2፦ መስመሩን አጽዱ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ቦታ ተበላሽቶ ይገኛል።

የተለመደው ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርትዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው፤ በሰከንድም 8000 ናሙና ይወስዳል። የ"ስ" እና የ"ፍ" ድምፅ ጉልበቱ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ገና ከመነሻው ተቆርጧል። ስለዚህ የቀረውን አታባክኑት። ከስልክ ኩባንያው እስከ ንግግር አዋቂው ሞተር (ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ሶፍትዌር) ድረስ ጂ.711 ኤ-ሎው የሚባለው የድምፅ አላላክ ይሂድ። መሀል ላይ ድምፁን አብዝቶ ወደሚጨምቀው ጂ.729 ቀይሮ መመለስ ባንድዊድዝ ይቆጥባል፤ ግን ጫጫታ ያለበትን ንግግር የበለጠ ያደበዝዘዋል። ዝምታን እየቆረጠ የማይልክ ሴቲንግ ካለም አጥፉት። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል አብሮ ይቆርጣል።

8000ውን ናሙና ወደ 16000 ማሳደግ የጠፋውን አያመጣም። ለሞተሩ ድምፁ 8000 መሆኑን በትክክል ንገሩት። ለስልክ ድምፅ የሠለጠነ ሞዴል ካለው እሱን ምረጡ።

የቁልፍ ድምፅስ? እያንዳንዱ ቁልፍ የሁለት ድምፆች ጥምር ነው፤ ለምሳሌ 1 ሲጫን 697 እና 1209 ሄርትዝ አብረው ይሰማሉ። እነዚህ ከንግግሩ ጋር በአንድ መስመር ከመጡ ጫጫታ ሊያበላሻቸው ይችላል። የሰው ድምፅም አንዳንዴ ቁልፍ መስሎ ይታያል። አርኤፍሲ 4733 በሚባለው የኢንተርኔት መመዘኛ መሠረት ከድምፁ ተለይተው እንደ መልእክት እንዲመጡ አድርጉ። በኋላ በቁልፎቹ ላይ ብዙ ስለምንደገፍ ይህ መስተካከል አለበት።

ደረጃ 3፦ ሲስተሙ ራሱን እንዳይሰማ

ፈተናው ቀላል ነው። ስልካችሁን ስፒከር ላይ አድርጋችሁ ደውሉና ዝም በሉ። ሲስተሙ የራሱን ንግግር መሀል ላይ ካቋረጠ ራሱን ሰምቷል ማለት ነው። ድምፁ ከስፒከሩ ወጥቶ በማይኩ ተመልሶ ገብቷል።

ጌትዌዩ (የስልክ መስመሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ ያለውን የማሚቶ መሰረዣ አብሩ። የተቀዳው መልእክት ከመጠን በላይ ከጮኸ ቀንሱት። ከዚያ ደዋዩ የሲስተሙን ንግግር የማቋረጥ መብቱን አስቡበት። አንዳንዶች ጭራሽ ይዘጉታል። እኔ አልመክርም። በየሳምንቱ የሚደውል ሰው ያንኑ መልእክት ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማ ማስገደድ ነው። የተሻለው መንገድ ሲስተሙ እየተናገረ ሳለ መሥፈርቱን ከፍ ማድረግ ነው። ማንኛውም ድምፅ ሳይሆን የሚጠበቀው ቃል ሲሰማ ብቻ ይቁም። በቮይስኤክስኤምኤል (የስልክ ንግግር መጻፊያ ቋንቋ) የሚሠራ መስመር ይህ አማራጭ አለው፤ ሆትወርድ ይባላል። እሱ ከበራ ክላክስና ሳል መልእክቱን አያቋርጡትም።

ደረጃ 4፦ ንግግር መቼ ጀመረ፣ መቼ አለቀ?

ብዙ ጊዜያችሁን የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። ሞተሩ የሚሰማው፣ የንግግር መለያው (ንግግርን ከዝምታና ከጫጫታ የሚለየው ክፍል) "ይኸውልህ" ብሎ ቆርጦ የሰጠውን ብቻ ነው። ይህ ከተሳሳተ የቱንም ያህል ውድ ሞተር ብትገዙ ዋጋ የለውም።

በድምፅ ከፍታ ብቻ የሚሠራ መለያ ጫጫታ አይችልም። አስተሪስክ ውስጥ ያለው የከፍታ ድንበር ካልተነካ 256 ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ለእሱ ንግግር ነው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ ከዚያ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ደዋዩ ተናግሮ ቢጨርስም መለያው "ገና እያወራ ነው" ብሎ ይጠብቃል። ደዋዩ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ሁለቱ ሲጠባበቁ ቆይተው ሰውየው "ሀሎ! ሀሎ!" ይላል። ያም ተቀድቶ ለሞተሩ ይሄዳል።

ስለዚህ በንግግር ባሕርይ የሚለይ መለያ ተጠቀሙ። በብሮውዘር ለመነጋገር ከተሠራው ከዌብአርቲሲ የተወሰደው መለያ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ከ0 እስከ 3 የጥብቅነት ደረጃ አለው። ሲሌሮ የሚባለው መለያ በኒውራል ኔትወርክ የሚሠራ ነው፣ የ8000ን ድምፅም እንዳለ ይቀበላል። ጫጫታ ለሚበዛበት መስመር እኔ ሲሌሮን እመርጣለሁ።

ከዚያ ጊዜዎቹን አስተካክሉ። መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች እነሆ፤ የራሳችሁን ቅጂ እየሰማችሁ ታስተካክሏቸዋላችሁ። ንግግር ጀመረ ለማለት ድምፁ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆይ፤ የበር ኳኳታ ከዚያ ያነሰ ነው። ግን ንግግር ሲገኝ ወደ ኋላ 300 ሚሊሰከንድ ሄዳችሁ ቁረጡ፤ አለዚያ "ሰባት" የመጀመሪያ ድምፁን ያጣና "አራት" ይመስላል። ለ"አዎ" እና "አይደለም" 600 ሚሊሰከንድ ዝምታ ንግግሩ ማለቁን ያሳያል። ለረጅም ቁጥር ግን ይህ ያንሳል። ሰው ቁጥር ሲያነብ ከወረቀቱ ላይ ቀና ይላል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል። አንድ ሰከንድ ተኩል ስጡት።

በመጨረሻ ጣሪያ አኑሩ። ዝምታ ቢገኝም ባይገኝም ለ"አዎ" ከአራት ሰከንድ፣ ለቁጥር ከዐሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አትጠብቁ። ጣሪያውን የነካ ጥሪ ሁሉ "ጫጫታ አለ" የሚል ምልክት ሎጉ ላይ ይመዝገብለት። ደረጃ 6 ላይ ይጠቅመናል።

የእኛ ሰው ልማድ የሆነ አንድ ጉዳይ እዚህ ላንሣ። ብዙዎቻችን "አዎ" ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ሰው ለሰው ሲያወራ ይግባባል። ለመለያው ግን ያ ትንፋሽ ነው፣ ከጫጫታም አይለየውም። መለያውን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ማላላት አያዋጣም፤ መንገዱ ሁሉ አብሮ ይገባል። መፍትሔው ጥያቄው ላይ ነው። "ልክ ነው?" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። "ልክ ከሆነ አዎ፣ ካልሆነ አይደለም ይበሉ" በሉ። ሰው ቃል ሲሰጠው ቃሉን ይደግመዋል።

ደረጃ 5፦ ማጣሪያ፣ ካስፈለገ

ማጣሪያ ለሰው ጆሮ ያማረ ድምፅ ይሰጣል። ለሞተር ግን ሌላ ነው። የዛሬ ሞተሮች ሲሠለጥኑ ጫጫታ ያለበት ድምፅም ይሰማሉ፤ በማጣሪያ የተፋቀ ድምፅ ግን እንግዳ ይሆንባቸዋል። ማጣሪያው ጫጫታውን ሲያወጣ "ህ"ን፣ "ፍ"ን፣ "ስ"ን አብሮ ያወጣል፣ ልክ ቀዳዳው የሰፋ ወንፊት ምርቱንም እንደሚያፈሰው። ጎግል እንኳ ለንግግር አዋቂው በሚሰጠው መመሪያ ድምፁን ሳታጣሩ ላኩ ይላል።

ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት አሠራር ድምፁን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። የተጣራው ለንግግር መለያው ይሄዳል፣ ያልተጣራው ለሞተሩ። መለያው የሚፈልገው የት ጀመረ፣ የት አለቀ የሚለውን ብቻ ስለሆነ የፊደል መደብዘዝ አይጎዳውም። አስተሪስክ ስፒክስ በሚባል የድምፅ ሶፍትዌር የሚሠራ ዲኖይዝ የሚባል ማጣሪያ አለው፤ ከዚያ የተሻለ ከፈለጋችሁ አርኤንኖይዝ የሚባለው ማጣሪያ በነፃ ይገኛል። አርኤንኖይዝ የተሠራው ለ48000 ናሙና ስለሆነ የስልኩን ድምፅ ወደዚያ ለውጣችሁ መስጠት፣ ሲወጣም መመለስ አለባችሁ።

ሁለቱም የታክሲ ረዳቱን አያጠፉትም። ለእነሱ እሱም ንግግር ነው። እሱን የምናሸንፈው በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

ደረጃ 6፦ ንግግሩን ለጫጫታ አዘጋጁት

ሞተሩ ማንኛውንም አማርኛ እንዲጠብቅ አታድርጉ። ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ቁጥር ብቻ፣ ማረጋገጫ በሚጠበቅበት ቦታ ማረጋገጫ ብቻ ይጠብቅ። ነፃ ንግግር የሚጽፉ ትልልቅ ሞዴሎች ባዶ ጫጫታ ሲሰጣቸው ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ፈጥረው ሊጽፉ ይችላሉ። ዊስፐር የሚባለው ሞዴል በዚህ ይታወቃል። የቃል ዝርዝሩ ጠባብ ከሆነ "መገናኛ! መገናኛ!" የትም አይገባም።

ቁጥሮቻችን ደግሞ ይመሳሰላሉ። "ስድስት" እና "ስምንት" በአንድ ድምፅ ጀምረው በአንድ ድምፅ ያልቃሉ፤ መሀላቸው ከተዋጠ ልዩነታቸው ይጠፋል። የ"ሃምሳ" እና የ"ሰላሳ" ደግሞ መጨረሻቸው አንድ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ አትጠይቁ። አራት አራት አድርጋችሁ ጠይቁ፣ እያንዳንዱን ደግማችሁ አሰሙ። የሒሳብ ቁጥሩ ማረጋገጫ አሃዝ (ከሌሎቹ አሃዞች ተሰልቶ የሚገኝ፣ ስህተትን የሚያጋልጥ አሃዝ) ካለው ተጠቀሙበት፤ ረዳቱ ያስገባው "ሁለት" እዚያ ይያዛል። ሰው ቁጥር ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንደሚያነብም አትዘንጉ። "ዜሮ ዘጠኝ አስራ አንድ" የሚለውን የማያውቅ ሲስተም ጫጫታ ባይኖርም ይሳሳታል።

ሞተሩ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር የእርግጠኝነት ቁጥር ይሰጣል። በሦስት ክፈሉት። ከፍ ያለውን ተቀበሉ፣ መካከለኛውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ፣ ዝቅተኛውን ጣሉ። ድንበሩን ከራሳችሁ ቅጂ አውጡ እንጂ ፋብሪካው ባስቀመጠው አትመሩ፤ ቮይስኤክስኤምኤል ላይ ካልተነካ 0.5 ነው፣ ያ ደግሞ ለሁሉም ሞተር አንድ ትርጉም የለውም። ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ጉዳይ ከሆነ እርግጠኝነቱ የቱንም ያህል ቢሆን አረጋግጡ። የሚስጥር ቁጥርን በጭራሽ በድምፅ አታስነግሩ። ጫጫታ ባለበት ቦታ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ይሰማል። በቁልፍ ይግባ፣ ያኔም ቀረጻው ይቁም።

"ሀሎ"፣ "አይሰማም"፣ "ይሰማል?"፣ "ድገሚልኝ" የሚሉትን በሁሉም ቦታ የሚጠበቁ ቃላት ውስጥ አስገቧቸው። ጫጫታ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚለው እነዚህን ነው። ሲስተሙ "አልገባኝም" ከሚል "እሰማዎታለሁ" ብሎ ጥያቄውን ቢደግም ሰውየው ይረጋጋል።

ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደሚባል ደግሞ በደንብ ጻፉ። "ይቅርታ አልገባኝም፣ እባክዎ ይድገሙ" እየተባለ ሦስት ጊዜ መመላለስ ሰው ያናድዳል፤ ሰውም ሲናደድ ይጮኻል፣ ሲጮህ ድምፁ ይቀየራል፣ ሞተሩ ይበልጥ ይሳሳታል። እንዲህ አድርጉት። መጀመሪያ ሲከሽፍ፦ "ያሉበት ቦታ ድምፅ ይበዛል። ስልኩን ወደ አፍዎ ጠጋ አድርገው አንዴ ይድገሙልኝ።" ሁለተኛ ሲከሽፍ፦ "ቁጥሩን በስልክዎ ቁልፍ ያስገቡ፣ ሲጨርሱ መሰላልን ይጫኑ።" ሦስተኛ ሲከሽፍ ወደ ሠራተኛ አሳልፉ፤ ሠራተኛ ከሌለ መልሳችሁ ለመደወል ቃል ግቡና ደውሉ። ጥሪው "ጫጫታ አለ" የሚል ምልክት ካለው ወይም የንግግሩና የጫጫታው ልዩነት ከ5 ዲሲቤል በታች ከሆነ የመጀመሪያውን ዘላችሁ ቀጥታ ወደ ቁልፍ ሂዱ።

ቁልፍ ስታስጫኑ ጊዜ ስጡ። ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ስልኩን ከጆሮው ያነሣል፣ የጨለመውን ስክሪን ያበራል፣ የቁጥር ሰሌዳውን ይፈልጋል። ዐሥር ሰከንድ ይፈጅበታል። ብዙው ደግሞ እግረ መንገዱን ስፒከር ይከፍታል፤ ያኔ ጫጫታውም ማሚቶውም ይጨምራል። ስለዚህ ቁልፍ እየጠበቃችሁ ሳለ ንግግር ማዳመጡን ዝጉት። ይህን ሳይዘጉ ቀርተው ቁጥር በሚጫንበት ሰዓት "አልገባኝም" የሚሉ መስመሮች አሉ።

ደረጃ 7፦ በእውነተኛ ጫጫታ ፈትኑ

ከተለያየ አካባቢ የመጡ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑትንም ጨምሮ፣ ሰዎች ቁጥርና ማረጋገጫ ሲናገሩ ጸጥ ባለ ክፍል ቅዱ። ጫጫታውን ለብቻው ቅዱ፤ የታክሲ ተራ፣ ካፌ፣ ወፍጮ ቤት፣ ዝናብ። ሙዛን የሚባል ነፃ የጫጫታ ስብስብ አለ፣ ለመነሻ ይሆናል፤ የመርካቶን ድምፅ ግን አይተካም። ከዚያ በ20፣ በ15፣ በ10፣ በ5 እና በ0 ዲሲቤል አደባልቁ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ማደባለቅ፣ ቀጥሎ ወደ 8000 ማውረድና በኤ-ሎው ማሳለፍ። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁት እውነተኛውን መስመር አይመስልም።

ይህ ፈተና አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አናባቢውን ይጎትታል። ይህ ልማድ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ጫጫታውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እንዲናገሩ አድርጋችሁ ቅዱ። ጫጫታው ወደ ማይኩ ሳይገባ አነጋገራቸው ብቻ ይቀየራል።

ውጤቱን በቃላት ስህተት ብዛት ብቻ አትለኩ። ስንት ሰው ቀሪ ሒሳቡን ሰምቶ ዘጋ? ስንት ጊዜ ማንም ሳይናገር ሲስተሙ ተቀሰቀሰ? ስንቱ ወደ ቁልፍ ተሻገረ፣ ከተሻገረውስ ስንቱ ጨረሰ? ሥራውን የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ከተከፈተ በኋላ

በአንድ ጊዜ አንድ ሴቲንግ ብቻ ቀይሩ፣ መጀመሪያም በጥቂት መስመሮች ላይ። የቀድሞውን ሴቲንግ ከነቀኑ አስቀምጡ። ቁጥሮቹን በሰዓት ከፋፍላችሁ እዩ፤ ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ብዙው ደዋይ መንገድ ላይ ነው። በወቅትም ከፋፍሉ። በግንቦት ያስተካከላችሁት የንግግር መለያ በሐምሌ ዝናብ ሊበላሽ ይችላል። የሐምሌ ጥሪዎችን ከሰማችሁ በኋላ ደረጃ 4 ላይ ያሉትን ጊዜዎች እንደገና አስተካክሉ።